በእጇ አፏን የፈታች

ጥቅምት 6 ቀን

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሠላሳ አንድ ዓመት ፋብሪካው ሽመና ክፍል ቆሜበት ቢያማርር አልፈርድበትም። ልጅሽ ድምቡሼ ደህና ናት። ጥርሷ አሥራ ስድስት ደርሷል፤ ትናንት አንዱን ክንዴ ላይ ሞክራዋለች።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እዚሁ ተቀምጣ ክር ትስብ ነበር። «ምን ትላለች?» አለችኝ። «ልጅቷ አፏን ፈታች ወይ ትላለች» አልኳት። መርፌዋ ላይ አቀርቅራ ዝም አለች። እሷ ደግሞ ዝም ማለት አትወድም፣ አሟት ይሆን ብዬ አሰብኩ።

አይ አንቺና ጥድፊያሽ! ልጅ በትእዛዝ ይናገራል እንዴ? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። አንቺ በዓመትሽ ለፍልፈሽ ጎረቤት አስመረርሽ። ወንድምሽ ግን ሦስት ዓመት እስኪሞላው እንደ ዳኛ ተኮፍሶ ዝም ብሎ ያየን ነበር። ዛሬ ማን ያስቆመዋል? እስቲ ንገሪኝ።

ይልቅ የልጅሽን ብልህነት ልንገርሽ። አፌን ሳልከፍት የምፈልገው ይገባታል። ጫማዬን ስፈልግ ጫማዬን፣ ውሃ ሲያምረኝ ኩባያዬን ይዛ ትመጣለች። ልብስ ሰፊዋ ስታወራላት ግን ዞር ብላም አታያት። ለሰው ቶሎ አትሰጥም፣ ኩሩ ናት። በማን እንደወጣች እኔና አንቺ እናውቃለን።

በልብስ ሰፊዋ ስልክ ልደውል ያልሽውን ተይው። እኔ በስልክ ምን ልሰማ? ጆሮዬን ማሽኑ ወስዶት የቀረኝ ቁራጭ ነው። ከንፈሩን ካላየሁት ሰው ሁሉ የሚያጉተመትም ይመስለኛል። በደብዳቤ ግን አንዲት ቃል አታመልጠኝም። ደህና ሁኚ፣ ትምህርትሽን ጠንክረሽ ያዢ።

እናትሽ

ጥቅምት 25 ቀን

እማዬ፣

እንደምን አለሽ? ስለ ጥርሷ አልጠየቅኩሽም። ልጄ ሁለት ዓመት ሞላት፣ እኔ የጠየቅኩሽ ትናገራለች ወይ ብዬ ነው።

አትቆጪኝ። በዚህ ሳምንት ስለ ሕፃናት እድገት ተማርን። አስተማሪያችን በሁለት ዓመቷ አንዲት ልጅ ምን ያህል ቃል መያዝ እንዳለባት ሲነግሩን እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ከጎኔ ያለችው ልጅ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምን እንደሆንኩ አላወቅኩም። ስለ ልጄ የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው። ስሄድ በሩ ላይ አንቺ አቅፈሻት «እማ» ብላኛለች። በክረምት መጥቼ እሰማታለሁ ብዬ ነበር፤ ክረምቱን ለልምምድ ላኩን።

እዚህ ቀኑን ሙሉ ማዳመጫዬን እርጉዝ ሴቶች ሆድ ላይ አድርጌ ያልተወለዱ ልጆች ልብ አዳምጣለሁ። የተወለደችውን የገዛ ልጄን ድምፅ ግን ረሳሁት።

ስለዚህ እባክሽ ሁለት ነገር አድርጊልኝ። ከኋላዋ ቁሚና አጨብጭቢ፤ ትዞር እንደሆነ እይልኝ። የምትላቸውንም ቃላት አንድ በአንድ ቁጠሪልኝ። በግምት አይሆንም፣ ቁጠሪልኝ።

ልጅሽ

ኅዳር 9 ቀን

ለተቆጪዋ ልጄ፣

እንደ አለቃችን ትእዛዝ ሰጠሽኝ፣ እሺ ብያለሁ። ድምቡሼ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ክዳን ስትደራርብ ከኋላዋ ሄጄ ረገጥ ብዬ ቆምኩና እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ዞረች! ዞራ አየችኝና «ይቺ አሮጊት አበደች» በሚል ዓይን እንደገና ወደ ክዳኗ ተመለሰች። እንግዲህ ልብሽ ይረፍ።

ቃል ቁጠሪ ላልሽው ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተከተልኳት። ውሃ ትላለች። እምቢ ትላለች፤ እምቢማ ስትል ብታያት! ነይ፣ ሂጂ፣ በቃኝ፣ ጨምሪ፣ ሞቀኝ፣ አመመኝ፣ የት አለ፣ አለቀ። ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ ደግሞ የመርፌዋን ስም ታወጣላታለች። አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ደከመኝና ተውኩት። ልጅሽ ወሬኛ ናት፤ የሚያወራት አጥታ ነው እንጂ።

ለአስተማሪሽም አሥራ ዘጠኝ በያቸው፤ ገና ያልቆጠርኩት አለ በያቸው። ልብስ ሰፊዋ ሰላም ብላሻለች። ሰሞኑን ፊቷ ደስ አይለኝም፤ ስጠይቃት «ምንም» ትላለች።

እናትሽ

ኅዳር 27 ቀን

የኔ እማዬ፣

ደብዳቤሽን ለመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ይቺ አሮጊት አበደች» ላይ ስንደርስ ሁላችንም አልጋ ላይ ወደቅን። ከዚያ እኔ ብቻዬን አለቀስኩ፤ የደስታ ነው አልኳቸው፣ የደስታም ነበር። አንድ ወር ሙሉ ምን ምን ሳስብ እንደነበር አልነግርሽም።

አሥራ ዘጠኝ! ግድ የለም፣ ታንሳለች ይበሉ። መጀመሯ ነው ዋናው።

አሁን የምጠይቅሽ ለጭንቀት አይደለም፣ ለናፍቆት ነው። ከመተኛቴ በፊት ላስበው ፈልጌ ነው። «እምቢ» ስትል ድምጿ እንዴት ያለ ነው? ቀጭን ነው ወይስ እንደኔ ጎርነን ያለ?

ልጅሽ

ጥር 17 ቀን

ልጄ፣

ድምጿ ቀጭን ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ሁለት ወር ሊሞላ ምንም ሳልጽፍልሽ የቀረሁት ለዚህ ነው። በመሃል የላክሻቸው ሁለት ደብዳቤዎችም ደርሰውኛል፤ ፖስታ ቤቱን አትርገሚ።

ያቺን ጥያቄሽን እንዳነበብኩ ለመመለስ ብዕር አነሳሁ። ቀጭን ነው ልል ስል፣ ቆይ አልኩ። ድምቡሼን ፊቴ አስቀምጬ አንድ ነገር ሰጠኋት፣ የማትወደውን። እምቢ አለችኝ። በእጇ ነው ያለችኝ። መዳፏን ፊቷ ላይ ሁለቴ አወናጨፈች፣ እኛ ሽመና ክፍል እንደምናደርገው። ውሃስ? አውራ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። አሥራ ዘጠኙንም አንድ በአንድ ጠየቅኳት። አሥራ ዘጠኙንም በእጇ መለሰችልኝ። አፏ አልተከፈተም።

ልጄ፣ አልዋሸሁሽም። በሕይወት ካሉት ይልቅ በሞቱት ልማልልሽ፣ ስጽፍልሽ እውነቴን ነበር። አንድ መቶ ሃያ ማሽን በሚጮህበት ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሚና እይው። ጎንሽ ያለችው ሴት ብትጮህ አትሰሚያትም። በእጅሽና በፊትሽ ትጠይቂያታለሽ፣ በእጇ ትመልስልሻለች፣ ሐሜቱም ሳቁም በእጅ ነው። ቤትሽ ስትገቢ «አለችኝ» ትያለሽ እንጂ «በእጇ አለችኝ» አትይም። ሰው ያለኝ በአፍ ይሁን በእጅ መለየት ካቆምኩ ስንት ዘመኔ ነው። አንቺ ትንሽ ሆነሽ መንገድ ላይ በእጄ ሳናግርሽ ታፍሪብኝ ነበር፤ «እማዬ በአፍሽ!» ትይኝ ነበር። ስለዚህ ላንቺ ተውኩት። ለሷ ግን ማን ይከልክለኝ? አሳየኋት፣ ያዘችው፣ ተግባባን።

ልብስ ሰፊዋን ጠራኋትና «የዚች ልጅ ድምፅ ምን ይመስላል?» አልኳት። ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ሲጠሯትም አትሰማም። አንቺ እያወቅሽ የማታወሪው መስሎኝ ነው» አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ለካ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የኔ ቤት ደግሞ ጆሮ የሚባል ጭራሽ የለበትም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድን። የጤና መኮንኑ ልጅቷን አልጋ ጠርዝ ላይ እግሯን አንጠልጥሎ አስቀመጣትና ከኋላዋ ደወል ደወለ። እሷ የቀሚሴን ቁልፍ ትፈታ ነበር። እንደገና ደወለ። አብራን የመጣችው ልብስ ሰፊዋ የራሷን ጆሮ ያዘች። ልጅሽ ቁልፌን ፈታ ጨርሳ ሳቀችልኝ። «ቤት ግን ሳጨበጭብ ዞራለች» አልኩት ተሟግቼ። «ወለሉ ጣውላ ነው?» አለኝ። ጣውላ ነው። ረግጬ ስቆም እግሯ ነው የሰማኝ።

ወደ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ሰጥቶናል። እስቲ አንቺ ምን እናድርግ ትያለሽ?

እናትሽ

የካቲት 3 ቀን

እማዬ፣

ወረቀቱን እንዳትጥይው፤ ግን ሆስፒታል ከመሄድሽ በፊት ይህን መልሺልኝ።

አንቺ ላይ አልተቆጣሁም። እንዳልቆጣ እየታገልኩ ነው። ክፍል ውስጥ ተነስቼ ስወጣ አስተማሪዬ ተከትለውኝ ወጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸው ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ «እማ» ካለችሽ ስትወለድ ትሰማ ነበር፣ በመሃል የሆነ ነገር አለ አሉኝ።

ምን ሆነች? ወድቃ ነበር? ከባድ ትኩሳት ነበራት? መድኃኒት፣ መርፌ ተሰጥቷት ያውቃል? አንቺ የጻፍሽልኝን ሁሉ አውጥቼ አነበብኩ፤ አንድ ጉንፋን ብቻ ነው ያገኘሁት። ከዚያ በቀር ምን አለ? እንደገና እጠይቅሻለሁ፣ ያቺ ጉንፋን ምን ነበረች?

ልጅሽ

የካቲት 21 ቀን

ልጄ፣

ምነው ምላሴን በቆረጠው። ምላሴም አይደል ጥፋተኛው፣ እጄ ነው፤ የጻፈልሽ እጄ ነው።

አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ወር፣ ኅዳር ላይ፣ «ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ድና ትጫወታለች» ብዬሻለሁ። ጉንፋን አልነበረም። ሰውነቷ እሳት ሆነ፣ አንገቷ ደረቀ፣ ዓይኗ ተገለበጠብኝ። ከልብስ ሰፊዋ ጋር እየተቀባበልን ተሸክመናት ሆስፒታል ሮጥን። ማጅራት ገትር ነው አሉ። አሥራ ሁለት ቀን ተኛች። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ «እናቷን ጥሪያት» አለኝ። «እናቷ እኔ ነኝ» አልኩት። ዋሸሁ፤ እናቷ አንቺ ነሽ፣ አልጠራሁሽም።

ለምን ብትይኝ፣ ብጠራሽ ትምህርቱን ጥለሽ ትመጫለሽ። ቦታሽን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ከዚያ አባቷ ጥሏት የሄደ ልጅ ይዘሽ የት ትገቢያለሽ? እኔ የወጣሁበት በር ነው የሚጠብቅሽ፣ የኔው ማሽን። ያንን ጩኸት ላንቺ አልተመኘሁትም። ብትድን ደስ ይለናል፣ ባትድን ያኔ ለእናቷ እነግራታለሁ አልኩ። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆዴን ሳይሆን የልጅሽን ጆሮ ፈጀው።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ። ስንወጣ ሐኪሙ «ከወር በኋላ መልሰሽ አምጪያት፣ ጆሮዋ መታየት አለበት» ብሎኝ ነበር። ካርዱም ላይ ጽፎታል። አልወሰድኳትም። ለምን ልውሰዳት፣ ደህና ነበረቻ! ትስቃለች፣ በወሩ በእግሯ ሄደች፣ ቤቱ ውስጥ እንደ እንዝርት ትሾራለች። ያቺ «እማ» የምትለው የት እንደገባች አልጠየቅኩም። መቼ እንደጠፋች እንኳ አላውቅም። ሰሚ ጆሮ ያለው ሰው ቢያሳድጋት ኖሮ ድምጿ የጠፋበትን ቀን ያውቀው ነበር።

ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ የደበቅኩሽ የለም።

እናትሽ

መጋቢት 8 ቀን

ለእናቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል።

ሐኪሙ «ከወር በኋላ» ካሉ አሥራ አምስት ወር አልፏል። እዚህ ያሉ የጆሮ ሐኪም አነጋግሬያለሁ። ከማጅራት ገትር በኋላ የጆሮው ውስጠኛ ክፍል ቀስ በቀስ በአጥንት ሊሞላ ይችላል፤ በጊዜው ቢመጣ ኖሮ የሚሞከር ቀዶ ሕክምና ነበር አሉኝ። አሁን ሳያዩዋት ምንም ተስፋ አልሰጥም አሉ። ቀጠሮ የያዙልን ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ቦታ የለም።

ሰኔ ላይ ትምህርቴን ስጨርስ መጥቼ ልጄን እወስዳለሁ። እስከዚያ የሆስፒታሉን ካርድና የጤና ጣቢያውን ወረቀት በአንድ ፖስታ ያዘጋጁልኝ። ሌላ የሚጽፉልኝ ነገር አይኑር።

ጤና ይስጥዎ።

ሚያዝያ 2 ቀን

ልጄ፣

አትጻፊ ብለሽኛል፤ ይቺን ብቻ።

«እርስዎ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ለሌላ ሰው የተላከ ደብዳቤ ይሆናል ብዬ ፖስታውን ገልብጬ ስሜን ፈለግኩ። የኔው ነው። ልጄ፣ ብትሰድቢኝ እችለው ነበር። አክብሮትሽን ግን አልቻልኩትም።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ይቅርታ ሰው እቃ ሲሰብር ነው የሚጠይቀው። ወረቀቶቹን በፖስታ አድርጌ ልብሷ መሃል አስቀምጫለሁ። ነይና ውሰጃት፣ ልጅሽ ናት፣ ማንም አይከለክልሽም።

የምለምንሽ ስትመጪ ናፍቆትሽን እንድትይዢው ነው። ከኋላ ሄደሽ ብድግ እንዳታደርጊያት፤ ሳታየው የነካትን ሰው አትወድም። ብትሸሽሽ አይክፋሽ። ፎቶሽን በየቀኑ አሳያታለሁ፤ ግን ፎቶ እጅ የለውም፣ አያናግራትም።

እናትሽ

ሰኔ 30 ቀን

ልጄ፣

ይዘሻት ከሄድሽ ዘጠኝ ቀን ሆነ። መንገዱ እንዴት ነበር ብዬ አልጠይቅሽም፣ ከቤታችን በር እስከ መኪናው ያለውን አይቻለሁ።

በመኪናው መስኮት አፏ ተከፍቶ አየሁት። እጇን አንቺ ይዘሽው ስለነበር ምን እንደምትለኝ አላወቅኩም። መኪናው ከታጠፈ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን ይዛ ቆማ አገኘኋት። «እንዴት ጮኸች! ጩኸቷ እስከ መንገዱ ማዶ ተሰማ እኮ» አለችኝ። ድምጿ ቀጭን ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ቀጭን ነው አለችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ የሰማውን የልጅ ልጄን ድምፅ እኔ ብቻ አልሰማሁትም። አንቺ ጠይቀሽኝ ነበርና ይኸው መልሱ፣ ቀጭን ነው።

አሁን ለሷ የሚጠቅማትን ልጻፍልሽ። ስትተኛ መዳፏን ደረትሽ ላይ አድርጊላትና አንጎራጉሪላት። እኔ ሳንጎራጉር በመዳፏ ትሰማኝ ነበር። ዜማ አላውቅም አትበይ፣ የኔ ድምፅ እንኳ አልጠላችውም። ብርሃን ስታጠፊ ፊትሽ እንዳይጠፋት ትንሽ ተይላት። ፀጉሯን ስታበጥሪ መስታወት ፊት አስቀምጫት፣ አንቺን ካላየች ትበረግጋለች።

እኔን አትጠይቂኝ፣ ደህና ነኝ። የማናግረው ሰው ስለሌለ እጆቼ ሥራ ፈትተው ጭኔ ላይ ይውላሉ።

እናትሽ

ሐምሌ 19 ቀን

እማዬ፣

አዎ፣ እማዬ። ያንን «እርስዎ» ስጽፍ የተሰማኝን ደስታ አሁን ሳስበው አፈርኩ። አንቺን መጥላት ይቀለኝ ነበር። ለአራት ወር ያህል በሱ ነው የቆምኩት።

ሐኪሙ አይተዋታል። ጆሮዋን ራጅ አነሷት፣ አስተኝተው መረመሯት። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። እኔም ለሰው ክፉ ነገር ስንናገር ወንበር እንድንስብ ስለተማርኩ፣ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ አወቅኩት። በሁለቱም በኩል ተዘግቷል። ቀዶ ሕክምናው አይሆንም። የሰጡን የመስሚያ መሣሪያ ጆሮዋ ላይ ተንጠልጥሎ ሦስት ሳምንት ቆየ፤ ምንም የለም። አንድ ቀን አውልቃ ውሃ ውስጥ ጨመረችው። አልተቆጣኋትም። ልጄ አትሰማም፣ እማዬ። «እማ» ያለችኝ ያኔ የመጨረሻዋ ነበር፣ እኔ ደግሞ መኪናው እንዳያመልጠኝ እየቸኮልኩ ነበር የሰማኋት።

ባለፈው ሳምንት መስማት ለተሳናቸው ልጆች ወደተከፈተ ትምህርት ቤት ወሰድኳት። አስተማሪዋ ራሷ አትሰማም። ድምቡሼን ወለል ላይ አስቀምጣ ግማሽ ሰዓት በእጇ አጫወተቻት። ከዚያ ወረቀት አንስታ «ማን ነው ያስተማራት?» ብላ ጻፈችልኝ። እናቴ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ናት ብዬ ጻፍኩላት። እዚህ የሚመጡት ብዙዎቹ ስድስት ሰባት ዓመት ሞልቷቸው ውሃ የሚሉበት እንኳ ሳይኖራቸው ነው አለች። «ይቺ ግን ትጠይቃለች፣ ትቀልዳለች፣ ትዋሻለች። የኛ አይሁን እንጂ ቋንቋ ይዛ ነው የመጣችው። እናትሽን አመስግኚልኝ» ብላ ጻፈች። ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ።

ትቀልዳለች ነው የምትለው! እኔ ቀልዷ አይገባኝም። እኛ ቤት ውስጥ እሷ የማታውቀውን ቋንቋ የማወራው እኔ ነኝ። ያኔ መንገድ ላይ ባላፍርብሽ ኖሮ ዛሬ ልጄን አናግራት ነበር።

እባክሽ እነዚህን ንገሪኝ። በሁለት ጣቷ ቅንድቦቿ መሃል ያለውን ቆንጠጥ ታደርግና ወደኔ ትጠቁማለች፤ በቀን ሃያ ጊዜ። ምን ልትለኝ ነው? ሌላው ደግሞ በየቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ የምታደርገው ነው። ሁለት ትከሻዋን በመዳፎቿ ታራግፋለች፣ ጫማዋን ታመጣለች፣ በሩ ሥር ትቆማለች። ውጭ ይዣት ወጣሁ፤ አልፈለገችም። ጎዳናውን እስከ ጥግ ሄደን ተመለስን፤ ደጃፋችን ስንደርስ ተቀምጣ አለቀሰች። በማግስቱም እንዲሁ። ከመጣች ወር ሊሞላት ነው፣ አንድ ቀን አላቋረጠችም። የምትፈልገውን ባውቅ የማልሰጣት ነገር የለም።

ነይልኝ። አንድ ክፍል ናት፣ ግን እንበቃለን። አንቺ ስታወሪያት እያየሁ እማራለሁ።

ልጅሽ

ነሐሴ 6 ቀን

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

«እማዬ» የሚለውን ሳነብ ልብስ ሰፊዋን ጠርቼ አሳየኋት። ወረቀቱን ተቀብላ «ምኑ ነው ጉዱ?» አለች። እሷ ምን ታውቃለች።

የአስተማሪዋን ጽሑፍም አነበብኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ አለቃችን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አላለኝም። ሆኖም ሴትዮዋ የማታውቀው አለ። ጆሮዋን ያስጠፋኋትም እኔው ነኝ። አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤ ሁለቱንም ይዤ እተኛለሁ።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። የሽመና ክፍል አለቃችን ሲቆጣ ሁለት ቅንድቡ ገጥሞ አንድ ይሆን ነበር። «ተቆጥቷል፣ ተጠንቀቂ» ለማለት ቅንድባችንን ቆንጠጥ እናደርጋለን። ድምቡሼ «ተቆጥተሻል?» እያለችሽ ነው። ፊትሽ ላይ የምታየውን ነው የምትጠይቅሽ፣ ሃያ ጊዜ ጠይቃሽ ሃያ ጊዜ አልመለስሽላትም። መልሱ ቀላል ነው። በአውራ ጣትሽ የሷን ቅንድብ ወደ ውጭ ዳበስ አድርጊላት። «ኧረ አይደለም» ማለት ነው። ዛሬውኑ አድርጊላት።

ሁለተኛውን ላልነግርሽ ነበር። «ጨዋታ ነው፣ አታስቢበት» ልልሽ ወረቀት ላይ ጀምሬም ነበር። ቀደድኩት። ደብቄልሽ ምን እንዳተረፍን አይተነዋል። ፈረቃችን ሲያልቅ ከትከሻችን ላይ የጥጡን ብናኝ አራግፈን ነው የምንወጣው። «ሥራ አለቀ፣ ወደ ቤት እንሂድ» ማለት ነው፤ ከሰው ቤት ስንነሳም ለድምቡሼ የምላት ይህንኑ ነበር። ልጄ፣ ያንቺን ቤት የሥራ ቦታ አድርጋዋለች። ቀኑን ሙሉ ደህና ሆና ትውልልሽና ሰዓቱ ሲደርስ አሁን ውሰጂኝ ትልሻለች። 

ነይ ብለሻል። አልችልም። ከዚህ በኋላ የደበቅኩሽ የለም ስልሽ አንድ ደብቄሽ ነበር። ሳል ይዞኛል፣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ወር ሐኪም ደረቴን አይቶ፣ የዋጥሽው ብናኝ ሳንባሽን ጨርሶታል አለኝ። አሁን ከአልጋዬ እስከ በሩ ሁለት ጊዜ አርፋለሁ። አንቺ ልጅቷን ልትወስጂ ስትመጪ ተቀምጬ የጠበቅኩሽ ኩራት መስሎሽ እንደሆነ፣ መቆም አቅቶኝ ነው። እንዳትመጪ፤ አሁን ሥራ ጀምረሻል፣ እሷም ትምህርት ቤቷን ትልመድ። ልብስ ሰፊዋ አለችልኝ።

በሩ ሥር ስትቆም ይህን አሳዪያት። መዳፍሽን ወደ ላይ አድርጊ፣ ከዚያ ገልብጪው። «ሌላ ፈረቃ ናት» ማለት ነው። እኛ ፋብሪካ የልብ ጓደኛሽ ሌላ ፈረቃ ስትመደብ ወር ሙሉ ላታያት ትችያለሽ፤ ግን አንቺ የለቀቅሽው ማሽን ላይ እሷ ትቆማለች፣ እሷ የቋጠረችውን ክር አንቺ ታገኚዋለሽ። ልብስ ሰፊዋ ሳትመጣ የቀረች ቀን ለድምቡሼ በዚህ ነበር የምነግራት፤ ታውቀዋለች። አንድ ሳምንት ታለቅስብሻለች፣ ከዚያ ትተወዋለች። ስትተወው ደግሞ አንቺ ታለቅሺያለሽ።

ሳትጠይቂኝ የምጨምርልሽ አንድ አለ። ያን ጊዜ የምትጠይቂው ሰው ስለማይኖርሽ ዛሬ ጽፌ ላስቀምጥልሽ። ከመካከላችን አንዷ ስትሞት ማሽኗን አቁመን በጨርቅ እንሸፍነው ነበር፣ ለአንድ ቀን። ምልክቱም ከዚያ የመጣ ነው። አንድ እጅሽን ጨብጪ፣ በሌላው መዳፍሽ ከላይ ቀስ ብለሽ ሸፍኚው፣ ሳታነሺ ቆዪ። ይህን አሳይቻት አላውቅም፣ ከኔ አልተማረችውም። አንቺ ነሽ የምታስተምሪያት። አሁን እንዳታሳዪያት፣ ቀኑ ሲደርስ ነው።

አውቃታለሁ፣ መዳፍሽን አንስታ ከሥሩ ምን እንዳለ ልታይ ትፈልጋለች። አትከልክያት። ታንሳውና ትየው።

እናትሽ